ከይፋጉ መኪና የቀረው ፒን

ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ስለ ወገቤ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን አይጠብቅም። ቀጥሎ ወንበሩን ጠጋ ያደርግና፣ «ለመሆኑ ዋጋው የማይጎዳ፣ ተሳቢ የሚጎትት አሮጌ መኪና የቱ ነው?» ይለኛል። አላውቅም እለዋለሁ። ፈገግ ይላል። ትሕትና መስሎታል፤ ወይም ምክሩን ለዘመድ አስቀምጬ እሱን የነፈግኩት ይመስለዋል። እውነቱን ነው የነገርኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ሊገዙት ያሰቡትን አሮጌ የጭነት መኪና ሳይ፣ ሥሩ ስተኛ፣ ሲጮኽ ሳዳምጥ ኖሬ፣ ዛሬ ያለኝ እውቀት ሥራ ስጀምር ከነበረኝ ያንሳል። ያኔ ቢያንስ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሥራዬ የረባ ስም አልነበረውም። መሥሪያ ቤቱ «የቴክኒክ ባለሙያ» ይለኛል፤ ሕዝቡ «መኪና አይ» ይለኛል፤ ባለቤቴ ቱታዬን ስታጥብ የምትለኝን እዚህ አልጽፈውም። ደርግ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ በመካኒክነት ተቀጠርኩ። ጊዜው ሰው ሁሉ ነጋዴ ለመሆን የተነሣበት ነበር። እህል የሚጭን መኪና ፈላጊው በዛ፤ አዲስ መኪና የሚገዛ ግን አልነበረም። የሌላ ሰው መኪና መግዛት ደግሞ የሌላ ሰው ችግር መግዛት ነው። የኔ ሥራ ችግሩ ምን ያህል እንደሚመዝን መናገር ነበር።

መኪና ማየት ያስተማሩኝ አያ ፈንቴ ናቸው። የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ፣ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ከሚናገሩትም ግማሹ ስድብ ነው። ሌላው መካኒክ ገና እንደደረሰ ሞተር ያስከፍታል። አያ ፈንቴ ሞተሩን ገልመጥ እንኳ ሳያደርጉ ወደ ኋላ ይዞራሉ።

«ፊቱንማ ለመሸጥ ቀብተውታል፤ ጀርባውን ማን አስታወሰው?» ይላሉ።

ከኋላ ይንበረከኩና የመኪናው የብረት አጽም የሆነውን የሻንሲውን ጫፍ፣ ተሳቢ የሚታሰርበትን መያዣ፣ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ስንጥቅ በስቱኮና በቀለም ይደፈናል፤ ዓይን ያታልላል፤ ጥፍር ግን ያገኘዋል። ብሎን ተነቅሎ በብየዳ የተተካበት ቦታ ካገኙ ተፍተው ይነሣሉ፤ ምርመራው አለቀ። ቀጥሎ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ቀጥሎ ጎማ። ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከሆነ የመኪናው ሻንሲ ተጣሟል። ከዚያ ጭነት አስጭነው ዳገት መሐል ያስቆሙትና ከቆመበት እንዲነሣ ያዛሉ። ሻጩ ስለ መኪናው ፍጥነት ማውራት ከጀመረ፣ «ፈረስ አልተገዛም ወዳጄ። ከተኛበት ይነሣል ወይ ነው ጥያቄው» ይሉታል።

ዝናቸውን ያወጣው ግን የቆሎው ምርመራ ነው። የተሳቢ ፍሬን በአየር ግፊት ይሠራል፤ አየር የሚያፈተልክበት መኪና ተሳቢ ቢጎትት ቁልቁለት ላይ ማንም አያድነውም። አያ ፈንቴ ሞተሩን ያስጠፉና ጋቢና ውስጥ ተደላድለው ከኪሳቸው እፍኝ የገብስ ቆሎ ያወጣሉ። እየቆረጠሙ የአየር መለኪያውን መርፌ ያያሉ። ቆሎው ሳያልቅ መርፌው ከወረደ መኪናው ወደቀ። በሰዓት እንለካው ያሉ ነበሩ። «ሰዓት ይቸኩላል፣ ቆሎ አይቸኩልም» ብለው ዘጉባቸው። አንድ ጊዜ አንድ ደግ ሻጭ ቆሎው ሲያልቅባቸው አይቶ፣ «ኧረ አያ ይጨምሩ!» ብሎ ከራሱ ኪስ ሌላ እፍኝ ሰጣቸው። መርፌው በሁለተኛው እፍኝ ላይ ወረደ። ሰውየው በገዛ ቆሎው መኪናው ሳይሸጥ ቀረ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ተሳቢ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው በአንድ ፒን ነው፤ ውፍረቱ የእጅ አንጓ የሚያህል፣ ርዝመቱ ስንዝር የሚያልፍ ብረት። የመኪናው መያዣ የተሳቢውን ክንድ ይጎርሳል፣ ፒኑ ከላይ ወደ ታች ይሰካል፣ በቃ። ይህ ሁሉ ጭነት የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። አያ ፈንቴ ምርመራ ሲጀምሩ ፒኑን ነቅለው ኪሳቸው ይከቱታል። ሽያጩ አልቆ፣ ሊብሬው ተሰጥቶ፣ ገዢው መሪው ላይ እስኪቀመጥ አያወጡትም። ብረቱ ስለሚከብድ ቱታቸው ወደ ቀኝ ይወርድና እንደ አንካሳ ያነክሳሉ።

ለምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅኳቸውም። የገባኝ መሰለኝ። በአገራችን በሬ የሚሸጥ ሰው በሬውን ይሰጣል እንጂ ገመዱን አይሰጥም። ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። ገመዱ አብሮ ከሄደ የቤቱ ገድ አብሮ ይሄዳል ይባላል። የአያ ፈንቴ ፒንም ከዚሁ ዘር የሆነ ነገር መሰለኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ መጽሐፍ ከብብቴ የማይጠፋ፣ ገድ የሚል ቃል ስሰማ ሳቅ የሚቀድመኝ ሰው ነበርኩ። ልማዳቸውን ሁሉ ወረስኩ፤ ቆሎውን ሳይቀር። ፒኑን ተውኩት።

ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ። የከተማው ስም ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ነፋሱ በእውነት እዚያ ይወጣል። አለቃዬ መኪናን የሚያውቀው ከተሳፋሪ ወንበር ብቻ ነበር፤ ማኅተም ግን አሳምሮ ያውቃል። ከዚያ ወረታ። ደመወዙ ስለ ደመወዝ እንዳልጽፍ የሚያደርግ ነበር። የግል ሥራው ግን በየቦታው ይከተለኛል፤ ገዢዎች ቅዳሜና እሑድ እየመጡ፣ «እይልን» ይሉኛል።

መንገዱ ሁሉ ፒስታ በነበረበት ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። ቀርፋፋ፣ ከባድ፣ አስቀያሚ፣ የጣሊያን ሥሪት የሆነ ሽማግሌ መኪና ግዙ እል ነበር። ዳገት ላይ ታሞ እንኳ ይጎትታል፤ ቢሰበር በመዶሻ ይድናል። ከዚያ አስፋልት መጣ። እኔ ያስገዛኋቸው ሽማግሎች እያዘገሙ፣ እኔ የከለከልኳቸው ቀላል መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ አለፏቸው። የሐሙሲቱን ነጋዴ አስታውሳለሁ። «ይህ መኪና ሞቷል፣ የሚቀረው ቀብሩ ነው» ብዬው አልሰማ ብሎ ገዛ። ሬሳው ለብዙ ዓመት ጤፍ ሲያመላልስ ኖረ፤ ባየኝ ቁጥር ነጋዴው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?» ይለኝ ነበር። በሌላ በኩል አንድ ጨዋ መምህር ግዛ ባልኩት መኪና ክረምቱን አልዘለቀም። ሕዝቡ ግን የሚያወራው ልክ የሆንኩበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ስሜ እየገነነ ሄደ። ሰው በምን እንደሚከበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይርሳውና አዱኛ ወደኔ የመጡት ስሜ በገነነበት በዚያ ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሁለቱም ከገሳይ ናቸው። አበልጆች ናቸው፤ ይርሳው የአዱኛን የበኩር ልጅ ክርስትና አንሥቷል። ይርሳው መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ነቅለው ሲሄዱ የሸጡትን አንድ ተሳቢ ገዝቶ ነበር። ተሳቢ ብቻ፤ መኪና የለውም። ያለውን ጥሪት ሁሉ ጨርሶበት የተረፈው እሱ ሆኖ ደጁ ላይ ተገተረ። ዶሮ ሥሩ ይፈለፍላል፤ ጎረቤት ገብስ ያሰጣበታል፤ አንድ ጊዜ የሠርግ እድምተኛ ተቀምጦበታል። አዱኛ ደግሞ ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ፣ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል አርሶ እንዲያካፍለው ሰጥቶ መኪና ሊገዛ ተነሥቷል። ነገሩ ካልሆነ ወደ እርሻው የሚመልሰው በሬ የለውም።

«ጋሽ አስረስ፣ መኪና ይዩልን» አለኝ አዱኛ።

«ለምን ሥራ?»

«ለይርሳው ተሳቢ።»

«ሰው መኪና ገዝቶ ተሳቢ ይፈልጋል። እናንተ በጭራው ጀመራችሁ?»

«መቀናጆ ነው ጋሼ» አለ ይርሳው። «የሱ አንድ በሬ፣ የኔ አንድ በሬ።»

መቀናጆ ማለት አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ዛሬ ያንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ የሚያርሱበት ውል ነው።

«ያንተ በሬኮ እግር እንጂ ልብ የለውም» አልኩት።

«የሱስ? ልብ ብቻውን ድንች ይጭናል?»

ሣቅሁ። ውስጤን ግን ደስ አለው። ሌላው ገዢ ሁሉ መኪናውን ለፎከራ ይመርጣል፤ ኋላ ተሳቢ ሲመጣ ከፍታው አይገጥምም፣ የአየር ቱቦው ማያያዣ የለውም፣ ማርሹ ለሩጫ ነው። እነዚህ ግን ተሳቢውን ይዘው መኪና ሊድሩለት መጡ። ከዳሩ አይቀር እንዲህ ነው አልኩ። ገሳይ ሄጄ የተሳቢውን ክንድ ከፍታ ለካሁ፤ ፍሬኑን አየሁ፤ ደህና ነበር።

መኪናው የተገኘው ይፋግ ነው። ባለቤቱ አቶ ጓንጉል ይባላሉ፤ እርሻም ንግድም ያላቸው፣ እርጋታቸው የሚያስቀና ሰው። መኪናው ያ የማውቀው የጣሊያን ሽማግሌ ነው፤ ቀዩ ቀለም ረግፎ ሮዝ ሆኗል። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ሻንሲውን በጥፍሬ ፈለግሁት፤ ስንጥቅ የለም። ባሌስትራው ቀጥ ያለ ነው። ድንጋይ አስጭነን ዳገት ላይ አቆምነው፤ እያጉረመረመ ተነሣ። ጋቢና ገብቼ ቆሎዬን አወጣሁ። አልቆብኝ ጨውና ብናኙን ከመዳፌ ስልስ መርፌው ገና አልተነቃነቀም።

«ቆሎ ይጨመር?» አሉ አቶ ጓንጉል።

«ከበቃኝ ቆይቷል» አልኳቸው።

መጨረሻ ፒኑን ነቅዬ በእጄ መዘንኩት። እንደሱ ያለ ፒን አይቼ አላውቅም። ለዓመታት ሠርቶ ዙሪያው እኩል የለሰለሰ፣ አንድም ጭረት የሌለው፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ብረት ነው። አዱኛና ይርሳው ፊቴን እያዩ ፍርድ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ቀልድ ሲመጣልኝ መያዝ አልችልም።

«የዚህ መኪና ነፍስ እዚህች ብረት ውስጥ ናት» አልኩ፤ «ሌላው ትርፍ ነው።»

አበልጆቹ ሳቁ። አቶ ጓንጉል አልሳቁም። ፒኑን መልሼ ሰካሁት፤ ግዙ አልኩ፤ የደብረ ታቦር ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ደርሼ ሄድኩ። ውሉን በሌላ ቀን ሊፈጽሙ ተቀጣጠሩ።

አንድ የድንች ወቅት ሁሉ ነገር ሰመረ። አዱኛ ይነዳል፣ ይርሳው ጭነት ያሰናዳል። እኔንም ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ሳያስጠጡ አይለቁኝም። «እንዴት ነው መቀናጆው?» እላለሁ። «እያረሰ ነው!» ይሉኛል።

በሁለተኛው ክረምት ከገሳይ ድንች ጭነው ሲወጡ፣ ዝናብ ባራሰው ዳገት መሐል ፒኑ ተቆረጠ። የአየር ቱቦው ስለተበጠሰ የተሳቢው ፍሬን እንደ ደንቡ በራሱ ያዘ። ያዘ፤ መንገዱ ግን አልያዘውም። ጎማዎቹ እንደተቆለፉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ፣ ገብስ ማሳ ውስጥ ተገለበጠ፣ ሻንሲው እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ሰው አልተነካም። ሁሉም ተመስገን አለ። ተመስገን ብሎ እንዳበቃ ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ።

ይርሳው መኪናው ጣለብኝ አለ። አዱኛ ተሳቢው ጎትቶ በጠሰው አለ። ልጅ በክርስትና ያዛመዳቸው ሰዎች ደጅ ለደጅ ሲያልፉ ሰላም መባባል ተዉ። ይርሳው ተሳቢው ካልተከፈለኝ መኪናው ይሸጥ አለ። ቢሸጥ አዱኛ መኪናም በሬም የሌለው ሰው ሊሆን ነው። ባይሸጥ ይርሳው ባዶ ደጅ ይዞ ይቀራል። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። እኔም ተጠራሁ።

የተቀመጥነው ይርሳው ግቢ ነው። ተሳቢው ለዓመታት ቆሞ የነበረበት ቦታ ሣር የለውም፤ የተሳቢውን ቅርጽ ይዞ ገርጥቶ ቀርቷል። ሽማግሎቹ በዚያ ቅርጽ ዙሪያ ተቀመጡ፤ በርጩማውን መሐሉ ያስቀመጠ ግን አልነበረም። ሰብሳቢው መሪጌታ ዳኘው፣ ሸንቃጣ ሽማግሌ፣ የተቆረጠውን ፒን ሁለት ቁራጭ እግራቸው ሥር አስቀምጠዋል።

አንሥቼ ሳየው ደነገጥኩ። «ይህ ያ ፒን አይደለም» አልኩ።

«የትኛው?» አሉ መሪጌታ።

«ይፋግ ያየሁት። ይህ ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ነው፤ ብረቱም ለዚህ ሥራ የሚሆን አይደለም።»

አዱኛ አንገቱን ደፋ። «ወረታ ነው ያስቀረጽኩት» አለ። «የበፊቱን ሻጩ አስቀሩት።»

አቶ ጓንጉል ለምስክርነት ከይፋግ ተጠርተው መጥተዋል። ከጋቢያቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈቱት። ያ ፒን ነው፤ ዘይት ተቀብቶ ያበራል።

«አልደበቅሁም» አሉ። «በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ከብት ስሸጥ ገመድ እንደማስቀረው ይህችን ላስቅር አልኳቸው። መረቁኝና ሄዱ።»

«እውነት ነው?» አሉ መሪጌታ ወደ አዱኛ ዞረው።

«እውነት ነው አባቴ። እኔስ በሬዎቼን ስሸጥ ገመዳቸውን አስቀርቼ የለ? የሰው ገድ ነጥቄ ልሂድ?»

«አቶ ጓንጉል፣ መኪና ውስጥ ስንት ኮተት አለ» አልኩ እኔ፤ ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። «መስታወት አለ፣ የወንበር ልብስ አለ፣ መፍቻ አለ። ገድ ካስፈለገ ከዚያ አንዱ አይቀርም? ለምን ይህች?»

አቶ ጓንጉል ከልባቸው ተገርመው አዩኝ። «አንተው አይደለህም እንዴ፣ ‹የመኪናው ነፍስ እዚህች ብረት ውስጥ ናት› ያልከው? እኔማ መስታወቱን ነበር ያሰብኩት። ባለሙያ ነህ፣ አመንኩህ።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ስንት ዓመት ስለ ሻንሲ፣ ስለ ባሌስትራ፣ ስለ አየር ስናገር ማን በትክክል ሰማኝ? በሕይወቴ አንድ ሰው ቃል በቃል የሰማኝ ስቀልድ ነው።

መሪጌታ ፈገግ አላሉም። «እንግዲህ ልጄ፣ ባለሙያ ነህና ንገረን። መኪናው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ተሳቢውስ?»

«ደህና ነበር።»

«ቀንበሩም ደህና፣ ሞፈሩም ደህና፣ የተበጠሰው ምራኑ ነው» አሉ፤ ቀንበርን ከሞፈር የሚያስረውን ጠፍር ማለታቸው ነው። «በመቀናጆ ደንብ ምራን የሚያቀርበው የዕለቱ ባለ ማሳ ነው። ያን ቀን የተጫነው ድንች የማን ነበር?»

አበልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ክስ ወዲህ ዓይን ለዓይን የተያዩት ያኔ ነው መሰለኝ።

«የባሕር ዳር ነጋዴ ነበር» አለ ይርሳው።

«እሱ እንግዲህ ምራን አያውቅም» አሉ መሪጌታ፤ ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ፊታቸው ተለወጠ። «ስማ ይርሳው። ምራን ሲበጠስ በሬ አይከሰስም። ስማ አዱኛ። በሬህ ተርፎ የባልንጀራህ በሬ ገደል ሲገባ ‹የኔስ አለ› ተብሎ አይታረስም። መኪናው ከዛሬ ጀምሮ የሁለታችሁ ነው። ሠርታችሁ ተሳቢውን ተኩት።»

አዱኛ በሬ የሸጠበት መኪና እኩሌታው ከእጁ እየወጣ ነው። ያቺን ሣር አልባ ቦታ ዐየ። «ልጄን ያቀፈ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ፤ ተነሥቶ የይርሳውን ጉልበት ሊስም ጎነበሰ። ይርሳው ግን ሳያስጨርሰው ቀድሞ አነሣው።

አቶ ጓንጉል ፒኑን ወደ አበልጆቹ ዘረጉት። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ይያዙት። ገመድ የሻጭ ነው።»

«መሪጌታ፣ ይህኮ ገመድ አይደለም፤ ብረት ነው!» አልኩ።

«ነፍስ ነው አላልክም ነበር?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አእምሮዬ ዕረፍት አጣ። ሻጩ ደንቡን ጠበቀ፤ ገዢው ደንቡን አከበረ፤ እኔ መኪናውን በትክክል መረመርኩ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ተሳቢ ገብስ ውስጥ ተገለበጠ። ጥፋተኛ የሌለበት ጥፋት መጽሐፍ ላይ አንብቤ ብዙ የተፈላሰፍኩበት ነገር ነው፤ ፊት ለፊት ስገናኘው ግን ፍልስፍናው አልጠቀመኝም።

አያ ፈንቴ ትዝ አሉኝ። ፒኑን ኪሳቸው ከትተው ሽያጭ እስኪያልቅ የሚጠብቁት ለካ ለዚህ ኖሯል! ሻጭ እንዳያስቀረው፣ እንዳይለውጠው፤ የተመረመረችዋ ብረት ራሷ በገዢው እጅ እንድትገባ። አጉል እምነት ብዬ የሳቅሁበት ነገር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነበር። ይህን ሳስብ እፍረትም ደስታም ተሰማኝ፤ ቢያንስ አንድ ነገር ገባኝ። ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ቤት ወደሚኖሩት አያ ፈንቴ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ በሙቀጫ አስወቅጠው ይቅማሉ፤ ጥርስ አልቋል። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አወጋኋቸውና፣ «አሁን ገባኝ አያ፤ ፒኑን ለምን እንደሚይዙት» አልኳቸው።

«ለምን ነበር?»

«ሻጭ እንዳይለውጠው ነዋ።»

የሚቅሙትን አቆሙ። «ማን ይለውጠዋል?»

«ታዲያ ለምን ነበር?»

«ሌባ ነዋ! ያ ጋራዥ ስንት ሌባ እንደነበረበት ረሳኸው? ብሎን እንኳ አያድርም ነበር። ፒን ደግሞ ለድንጋይ መፈንቀያ ማን ይጠላል?»

«ይፋግም ሐሙሲትም ስንሄድኮ ይይዙት ነበር።»

አሰብ አደረጉ። «እጄ ለምዶት ይሆናል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ተነሥቷል አልኳቸው። «እንግዲያስ ምን ሆንክ?» አሉና ወደ ቆሏቸው ተመለሱ።

ምን እንደሆንኩ አላወቅሁም። ትክክለኛ ልማድ፣ በተሳሳተ ምክንያት፣ ለዚያውም ምክንያቱ ተረስቶ። ግን ከዚያ ወዲህ እኔም ፒን ኪሴ መክተት ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ የምመልሰው ነበረኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ወጣቶቹ መካኒኮች በኋላዬ እንዴት እንደሚስቁ ግን አውቃለሁ፤ እኔም ስቄያለሁ።

አበልጆቹ ያለ ተሳቢ ለብዙ ዘመን ሠሩ። ከዚያ የይፋጉን ሽማግሌ መኪና ሸጠው፣ ጉልበቱ የበረታ ሌላ አሮጌ መኪና ሊገዙ፣ አዲስ ያገኙትንም ተሳቢ ሊያጣምሩለት ተነሡ። እንደገና ወደኔ መምጣታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ሌላ ሰው አጣችሁ?» አልኳቸው።

«አላጣንም» አለ ይርሳው። «ሌላው ሰው ገና አልተሳሳተም።»

መኪናው ሐሙሲት ነበር። ፒኑን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ሻንሲውን ዳሰስኩ፤ ባሌስትራውን ለማየት ከሥር ገባሁ፤ እዚያው ወገቤ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። ሁለቱ እግሬን ይዘው እንደ ሞፈር ጎትተው አወጡኝ።

«ጋሼ፣ መኪናውስ?» አለ አዱኛ፣ ተጨንቆ።

«ግዙት» አልኩ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ። ቆሎውን አልበላሁም፤ ዳገቱን አልሞከርኩም። ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ደብረ ታቦር ሰደዱኝ። ሐኪሙ ካሁን ወዲያ ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ መኪና ሥር እንዳልገባ ነገረኝ። ከሥራ የወጣሁት እንዲህ ነው፤ ያለ ሽኝት፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ባልጨረስኩት ምርመራ።

ከቀናት በኋላ ስልክ ተደወለ። አዱኛ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናውን ገዝተን ተሳቢው ጋ አድርሰነዋል። ፒኑ ግን የለም።»

ባለቤቴ ያን ቱታ ገና አላጠበችውም ነበር። በር ጀርባ ተንጠልጥሏል፤ ቀኙ ወርዷል።

«እኔ ጋ ነው» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አስቀሩት?» አለኝ።

ረሳሁት ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። ረስቼው ነበር? ወገቡ የተያዘ ሰው ኪሱ ውስጥ ያን የሚያህል ብረት ጎኑን እየቆረቆረው ከሐሙሲት ደብረ ታቦር ድረስ ሲመጣ ይረሳል?

«መጥታችሁ ውሰዱት» ብቻ አልኩ።

መጡ። ግማሽ ጆንያ ድንች ይዘው፣ ተሳቢውን አስከትለው፣ ከቤቴ በታች መንገዱ ዳር አቁመው ወጡ። አዱኛ ፒን ከመኪና አክሰል ብረት አስቀጥቅጦ አስገብቷል፤ ይርሳው ደግሞ ለክፉ ቀን ሌላ መጠባበቂያ አሠርቷል። ከቱታዬ ኪስ ያወጣሁትን የሐሙሲቱን ፒን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ማንም እጁን አልሰደደም።

«እርስዎ ዘንድ ይቆይ» አለ ይርሳው።

«ለምን?»

«የቀረ ገመድ አይመለስም።»

«ኧረ እባካችሁ! ገመድ የሚያስቀረውኮ ሻጩ ነው። እኔ ሻጭ አይደለሁም። በራሳችሁ ደንብ እንኳ ትርጉም የለውም!»

አዱኛ ይርሳውን አየ፤ ይርሳው አዱኛን አየ። «ለኛ ገብቶናል ጋሼ» አለ አዱኛ በትሕትና።

እና ቀረ። የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይይዛል። አበልጆቹ ከገሳይ ሲመጡ ከቤቴ በታች ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፋሉ፤ ተሳቢው ከኋላ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ያ ድምፅ እስኪያልፍ ድረስ ንባቤን አቆማለሁ። በገድ አላምንም፤ ለባለቤቴም ደጋግሜ ነግሬያታለሁ።

«ካላመንክ ለምን አይጣልም?» ትለኛለች። «ሁልጊዜ እግሬን ይመታኛል።»

ባለፈው ሳምንት ቤት ስትጠርግ አንሥታ ውጭ፣ ከቆሻሻው አጠገብ አኖረችው። እኔም ንባቤን ቀጠልኩ። ከታች የታወቀው ጡሩምባ ሲነፋ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ፣ ወጣሁ፣ ሐኪሙ የከለከለኝን ወገብ አጥፌ ብረቱን አነሣሁና ወደ ቦታው መለስኩት።